ስማቸው ተጽፏል

ስለ ካሪቢያን ሰዎች የዘር ሐረግ በተወራ ቁጥር የሚደጋገም አንድ ፍርድ አለ። ጃማይካዊው ወይም ባርባዶሳዊው አያቱን ይጠራል፤ ቢበረታ ቅድመ አያቱን ይጨምራል፤ የባርነት ዘመን ላይ ሲደርስ ግን መንገዱ ያልቃል ይባላል። «ባሪያ እንደ ዕቃ ነበር፤ ዕቃ ደግሞ የልደት መዝገብ የለውም። ስማቸው ጠፍቷል፤ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።» ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። መምህራን ይሉታል፤ ዘጋቢ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ይሉታል፤ የተበዳዮቹ የልጅ ልጆችም ራሳቸው በሐዘን ይሉታል። በሐዘኔታ ስለሚነገር የሚሞግተው ጥቂት ነው። እኔ ግን መሞገት አለበት እላለሁ። ፍርዱ ሐሰት ነው፤ ጉዳትም አለው። ስማቸው በሰነድ ላይ የሰፈረን ሰዎች ስም የለሽ አድርጎ ሁለተኛ ይቀብራቸዋል።

የክርክሩ መሠረት ራሱ የተገለበጠ ነው። እንደ ዕቃ ተቆጥረዋልና አልተጻፉም ይባላል፤ እውነቱ ግን የተጻፉት እንደ ዕቃ ስለተቆጠሩ ነው። ንብረት ያለው ሰው ንብረቱን ይቆጥራል፣ ለብድር ያስይዛል፣ ለልጆቹ ይናዘዛል፣ ፍርድ ቤት ቆሞ ይካሰስበታል፣ ግብር ይከፍልበታል፣ ሲጠፋበትም በጋዜጣ ያስነግራል። እያንዳንዱ ድርጊት ወረቀት ትቶ ያልፋል። በ1820ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ ገጠር የኖረ የቀን ሠራተኛ ክርስትና ሲነሳ፣ ሲያገባና ሲቀበር ካልሆነ በቀር ስሙ ወረቀት ላይ ላይሰፍር ይችላል። በዚያው ጊዜ በጃማይካ የሸንኮራ እርሻ ላይ የነበረች ሴት ግን በየሦስት ዓመቱ በሚታደሰው የመንግሥት መዝገብ፣ በጌታዋ ኑዛዜ፣ ጌታዋ ሲሞት በተደረገው የንብረት ቆጠራ፣ በመያዣ ውል፣ በአጥቢያዋ የክርስትና መዝገብ፣ ኮብልላ ከነበረም በጋዜጣ ላይ ልትገኝ ትችላለች። ይህ ጌቶቹን የሚያስመሰግን ነገር አይደለም። የጻፉት ለገንዘባቸው ብለው ነው። ለገንዘብ ተብሎ የሚጻፍ ነገር ግን በጥንቃቄ ይጻፋል።

ከሁሉ በፊት ስለ መንግሥት መዝገቡ መነገር አለበት፤ «የለም» የሚለው ፍርድ ተሰንጥቆ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና። እንግሊዝ በ1807 የባሪያ ንግድን በሕግ ከለከለች፤ ባርነቱን ግን ተወችው። የንግዱ ተቃዋሚዎች፣ በተለይም የሕግ ሰው የነበረው ጄምስ ስቲቨን፣ የእርሻ ጌቶች ከአፍሪካ አዲስ ሰው በድብቅ እንዳያስገቡ ሰጉ። ያገኙት መላ በባርነት ያለውን ሰው ሁሉ በስም መመዝገብ ነበር። ዛሬ ያልነበረ ሰው ነገ ቢገኝ ከየት መጣ ተብሎ ይጠየቃል። ትሪኒዳድ በቀጥታ በዘውዱ ሥር ስለነበረች በ1812 በለንደን ትእዛዝ ወጣባትና ምዝገባው ተጀመረ። የየራሳቸው ሸንጎ የነበራቸው ደሴቶች መብታችን ተነካ ብለው አጉረመረሙ፤ በመጨረሻ ግን ተቀበሉ። ጃማይካ በ1817 ጀምራ በ1820፣ በ1823፣ በ1826፣ በ1829 እና በ1832 መዝግባለች። ቅጂው ለንደን ይላክ ነበር። ከ1819 ወዲህ ስሙ በመዝገብ የሌለን ሰው በብሪታንያ ምድር መሸጥም ሆነ በመያዣነት ማስያዝ አይጸናም ተባለ፤ ስለዚህ በዕዳ የተዘፈቀው የእርሻ ጌታ ለራሱ ጥቅም ሲል ያስመዘግባል። መዝገቦቹ ዛሬ ለንደን ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። በ2009 ዩኔስኮ በዓለም የመዛግብት ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ፎቶ ተነሥተው በኢንተርኔት ሊፈለጉ ከቻሉም ዓመታት አልፈዋል።

የጃማይካውን ቅጽ የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የጌታውን ስምና አጥቢያውን ነው። ከዚያ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላው ይዘረዘራሉ፤ የእያንዳንዱ ስም፣ የቆዳው ቀለም፣ ዕድሜው፣ አፍሪካ ተወለደ ወይስ እዚያው ደሴት ላይ። ካለፈው ምዝገባ ወዲህ ሕፃን ተወልዶ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እናቱ ማን እንደሆነች ይጻፋል። የሞተ፣ የተሸጠ፣ አርነት የወጣ፣ በፍርድ ከደሴቲቱ የተጋዘ ሁሉ ምክንያቱ ይሰፍራል። የትሪኒዳዱ ከዚህም ይሰፋል። ቤተሰብን ከነእናቱ አንድ ላይ ያስቀምጣል፤ ቁመትና የአካል ምልክት ይመዘግባል፤ አፍሪካ ለተወለደው ኢግቦ፣ ኮንጎ፣ ማንዲንጎ እያለ ወገኑን ይጽፋል። ባርነት ሲያበቃ ጃማይካ ውስጥ 311,000 ያህል ሰው በባርነት ነበር። መዝገቡ የተዘጋጀው ይህን ሕዝብ አንድ በአንድ በስሙ ለመያዝ ነው።

ባርነትን የሚያስቀረው ሕግ በ1833 ጸድቆ ነሐሴ 1 ቀን 1834 ሥራ ላይ ሲውል፣ መንግሥት ለጌቶቹ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ መደበ፤ ለተበዳዮቹ ምንም። ጌታው ካሣ ሲጠይቅ የሰዎቹ ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ይመሳከር ነበር። የጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን አባት ጆን ግላድስተን 2,500 ለሚጠጉ ሰዎች ከ100,000 ፓውንድ በላይ ተቀበለ። የእነዚያ ሰዎች ስም በመዝገቡ አለ። ለካሣው የተገባው ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። የብሪታንያ መንግሥት ስማቸውን አምኖ ያን ያህል ገንዘብ ከከፈለ፣ የእነዚያው ሰዎች ልጆች ስማችሁ አይገኝም ሲባሉ ዝም ብለው የሚቀበሉበት ምክንያት አይታየኝም።

ታዲያ ብዙ ሰው ፈልጎ ለምን ያጣል? እውነት ነው፣ ብዙዎች ፈልገው አጥተዋል። ያጡት ግን በራሳቸው የቤተሰብ ስም ስለፈለጉ ነው። ካምቤል የሚባል ሰው በ1817 መዝገብ ካምቤል የሚባል ባሪያ ይፈልጋል፤ አያገኝም፤ የለም ብሎ ይመለሳል። በዚያን ጊዜ ቅድመ አያቱ ካምቤል አይባሉም ነበር። በመዝገቡ ላይ ያሉት ምናልባት ኩዋሺ ወይም ጁባ ተብለው፣ በአንድ ስም ብቻ ተጠርተው ነው። የቤተሰብ ስሙ የመጣው ኋላ ክርስትና ሲነሱ ወይም ነጻ ሲወጡ ነው፤ ከጌታውም ሊመጣ ይችላል፣ ከእርሻው ተቆጣጣሪም፣ ከክርስትና አባትም፣ ከቀድሞ ባለቤትም። ስለዚህ መፈለግ ያለበት ጌታው ነው። በ1878 ጃማይካ ውስጥ ከተጀመረው የመንግሥት የልደትና የሞት ምዝገባ ተነሥቶ ወደ አጥቢያው መዝገብ መውረድ፤ እዚያ በ1830ዎቹ የተጠመቀውን ሰው የእርሻ ስም መያዝ፤ እርሻው በ1834 የማን እንደነበር ከካሣው ሰነድ ማየት፤ ከዚያ በዚያ ጌታ ስም የቀረበውን ዝርዝር መክፈት። ለካሣው ሰነድ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች፣ ካተሪን ሆልና ባልደረቦቿ፣ በ2013 ለሁሉ ክፍት ያደረጉት የመረጃ ቋት አለ። በዝርዝሩ ላይ ጥምቀቱ አብሮ የተጻፈበት ጊዜም ብዙ ነው፤ የድሮው ስም ይጻፍና አዲሱ የክርስትና ስም ከነቤተሰብ ስሙ ይከተለዋል። በዚያች አንዲት መስመር ላይ ሁለቱ ዘመናት ይገናኛሉ።

ይህ በቤተሰብ ስም የመፈለግ ልማድ ከየት መጣ ብንል ከጌቶቹ ዘሮች ነው። ከ1909 እስከ 1919 «ካሪቢያና» የተባለውን ስብስብ ያሳተመው ቪር ላንግፎርድ ኦሊቨር ኑዛዜዎችን፣ የመቃብር ጽሑፎችንና የአጥቢያ መዝገቦችን በትጋት ሰበሰበ፤ የሰበሰበው ግን በአመዛኙ የእርሻ ጌቶችን ቤተሰብ ለማወቅ ነበር። ማውጫውም በቤተሰብ ስም የተደራጀ ነው። መሣሪያው የተሠራው ለአንድ ወገን ነው። ሌላው ወገን በዚያው መሣሪያ ፈልጎ ሲያጣ ጥፋቱ በሰነዱ ላይ ተላከከ።

አንድ ሌላም ነገር አለ፤ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ። እኛ ስማችን በአባት ይሄዳል፤ ዘር ቁጠር የተባለ ልጅ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ ይወጣል። እዚያ ግን መቆጠር ያለበት በእናት ነው። የቅኝ ግዛቱ ሕግ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላል ይል ነበር። እናቱ ባሪያ ከሆነች ልጁ የእናቲቱ ጌታ ንብረት ነው፤ አባትየው ማንም ይሁን ማን። ጌታው ልጁ የእኔ ነው ለማለት የእናትየውን ስም መያዝ ነበረበት። የአባት ስም ግን ለሕጉ አያስፈልግምና ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ጨካኙ ሕግ ራሱ የእናትን ሐረግ ጠብቆ አቆየ ማለት ነው፤ ከልጅ ወደ እናት፣ ከእናት ወደ አያት፣ አንዳንዴም ከመርከብ እስከወረደችው እስከ መጀመሪያዋ ሴት ድረስ። የአባታቸውን አባት አጥተው ተስፋ የቆረጡ ሰዎች የእናታቸውን እናት አልጠየቁም።

ወደ ኑዛዜው ስንመጣ ነገሩ ይጠነክራል። የጃማይካና የባርባዶስ ኑዛዜዎች በየደሴቶቹ ተመዝግበዋል፤ በእንግሊዝ ንብረት የነበራቸው ሰዎች ኑዛዜ ደግሞ እስከ 1858 መጀመሪያ ድረስ በካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ፍርድ ቤት ይጸድቅ ስለነበር ዛሬ ኪው ይገኛል። ኑዛዜ ላይ ጌታው ሰው በስም ያወርሳል፤ እገሌን ለልጄ፣ እገሊትን ከነልጆቿ ለሚስቴ፣ ገና ለሚወለዱትም ጭምር። አንዳንዱ ደግሞ በሕይወቱ ያልተናገረውን በሞቱ ይናገራል።

ቶማስ ቲስልዉድ የሚባለውን እንግሊዛዊ እንመልከት። በ1750 ወደ ጃማይካ መጥቶ በዌስትሞርላንድ አጥቢያ የእርሻ ተቆጣጣሪ ሆነ፤ ኋላም የራሱን መሬት ገዛ። በ1786 እስኪሞት ድረስ ማስታወሻ ጽፏል። በዚያ ማስታወሻ የደፈራቸውን ሴቶች በላቲን መዝግቧል፤ የፈጸመውን ግርፋትና እዚህ ልጽፈው የማልፈልገውን ቅጣትም እንደዚሁ። ከዚህ ሰው ጋር ከ30 ዓመት በላይ የኖረች ፊባ የምትባል ሴት ነበረች፤ ንብረትነቷ ግን የእሱ ሳይሆን የሌላ የእርሻ ጌታ ነበር። ጆን የተባለ ልጅ ወለደችለት። ልጁ በ1762 በሕፃንነቱ አርነት ወጣ፤ በ1780 በወጣትነቱ ሞተ። ቲስልዉድ በኑዛዜው ፊባ ከባለቤቷ ተገዝታ ነጻ እንድትወጣ አዘዘ፤ መሬት ተገዝቶ ቤት እንዲሠራላትም ገንዘብ ተወላት። አርነቷ የተፈጸመው በ1792 ነው፤ እሱ ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ። ኮባ የምትባል ሴት ልጅም እንደነበረቻት እናውቃለን። ይህን ሁሉ ያወቅነው የሚጠላ ሰው ከጻፈው ወረቀት ነው። ስለ ፊባ የምናውቀው በዚያው ዘመን ከኖሩ ብዙ ነጻ ሴቶች ከምናውቀው ይበልጣል። ማስታወሻው ባይነበብ ቲስልዉድ የሚጎዳው ነገር የለም፤ የምትጠፋው ፊባ ናት።

በኑዛዜ የሚገለጠው የአንድ ሰው ሕሊና ብቻም አይደለም። ነጭ አባቶች ከጥቁርና ከክልስ ሴቶች ለወለዷቸው ልጆች እርሻና ገንዘብ መተዋቸው ስለበዛ፣ የጃማይካ ሸንጎ በ1761 ለእንዲህ ዓይነት ልጆች ከ2,000 ፓውንድ በላይ ማውረስን የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሕግ የሚወጣው በብዛት የሚደረግ ነገርን ለመከልከል ነው። ከዚያ በኋላ ሀብታም አባቶች ልጆቻቸውን ከክልከላው ለማስወጣት ለሸንጎው በስም አቤት እያሉ የግል ሕግ ያስወጡ ጀመር፤ በእነዚያም ሕጎች የእናትየውና የልጆቹ ስም ተጽፏል። አባቶቻቸው አይታወቁም የተባሉ ሰዎች አባት፣ ክልከላው ባስወጣው ወረቀት ላይ ፊርማውን አኑሮ ይገኛል።

የአጥቢያው መዝገብ የራሱ ታሪክ አለው፤ ባጭሩ ልለፈው። የጃማይካ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን መዝገቦች ከ1660ዎቹ ይጀምራሉ። የፕሮቴስታንት ጌቶች ጥምቀት ባሪያን ነጻ ያወጣል የሚል ፍርሃት ስለነበራቸው ለብዙ ዘመን ሰዎቻቸውን ከጥምቀት አርቀዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ገጾች በአብዛኛው የነጮችና የነጻ ሰዎች ናቸው። ከ1810ዎቹ ወዲህ ግን ከለንደን በመጣው ግፊት ቄሶች እርሻ ለእርሻ እየዞሩ በአንድ ቀን እጅግ ብዙ ሰው ያጠምቁ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎም ሞራቪያውያን የተባሉ ፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን በ1754 ጃማይካ ገብተው በባርነት ያሉትን ሲያጠምቁና ሲመዘግቡ ቆይተዋል፤ ባፕቲስቶችና ሜቶዲስቶች ኋላ ተከተሏቸው። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ቅድመ አያቱን ያጣ ሰው የየትኛው ቤተ ጸሎት ምእመን እንደነበሩ ሳይጠይቅ ፍለጋውን መዝጋት የለበትም። በስፔን ግዛት በነበረችው ኩባ ደግሞ ካህናቱ ባሪያዎችን ከጥንት ጀምሮ ያጠምቁ ስለነበር ለጥቁሮችና ለክልሶች የተለየ መጽሐፍ ነበር፤ በቀለም መለየቱ ግፍ ነው፣ ነገር ግን መጻሕፍቱ አሉ።

ጋዜጣውን ከሁሉ አስበልጣለሁ፤ በጋዜጣው ላይ ሰዎቹ እንቢ ሲሉ ስለምናያቸው ነው። ኪንግስተን ይታተም የነበረው ሮያል ጋዜት ወይም የባርባዶሱ መርኩሪ ሲገለጥ የኮበለለ ሰው ማስታወቂያ ከገጽ ገጽ ይከተላል። ጌታው ሰውየውን ለማስያዝ ስለሚፈልግ በእውነት ይገልጸዋል። ቁመቱን፣ ጠባሳውን፣ በትከሻው የተተኮሰበትን ምልክት፣ አናጢ ወይም ዓሣ አጥማጅ መሆኑን፣ ሲናገር የሚንተባተብ እንደሆነ፣ የለበሰውን ልብስ ይጽፋል። ከዚያ ደግሞ የት ሊደበቅ እንደሚችል ይገምታል። እናቱ በእንዲህ ያለ እርሻ ናት፣ ሚስቱ በዚያኛው አጥቢያ ነች፣ ወንድሙ ከተማ ውስጥ ነጻ ሰው ነው ይላል። ጌታው ሳያስበው የቤተሰቡን ሰንሰለት ጻፈልን ማለት ነው። እናቷን ፍለጋ ሃያ ማይል በእግሯ የሄደች ልጅ በመንግሥት መዝገብ ላይ ስምና ዕድሜ ብቻ ናት፤ በጋዜጣው ላይ ግን የእናቷ ልጅ ናት። የተያዙት ሰዎች በየአጥቢያው የሥራ ቤት ይታሰሩና ስማቸው፣ የጌታቸው ስም፣ አፍሪካ ከተወለዱም ወገናቸው በጋዜጣ ይወጣ ነበር። የባርባዶሱ መርኩሪ ከ1783 እስከ 1848 ያለው በብሪቲሽ ላይብረሪ ድጋፍ በደሴቲቱ ላይ ፎቶ ተነሥቶ ለሁሉ ክፍት ሆኗል።

ጋዜጣው ለቤተሰብ ክርክርም መድረክ ነበር። ሮበርት ዌደርበርን በ1762 ጃማይካ ከሮዛና ከምትባል ሴት ተወለደ፤ አባቱ ጄምስ ዌደርበርን የሚባል ስኮትላንዳዊ የእርሻ ጌታ ነበር፤ ሮዛናን ነፍሰ ጡር ሳለች ሸጣት፤ የሚወለደው ልጅ ግን ነጻ እንዲሆን ተስማምቶ ነው። ሮበርት አድጎ ለንደን ገባ፤ ባርነትን የሚያወግዝ ሰባኪና ጸሐፊ ሆነ። በ1824 አንድ የለንደን ጋዜጣ ላይ አባቱን በስም ጠርቶ ጻፈ። በሀብት ያደገው የአባቱ ልጅ አንድሩ ኮልቪል በዚያው ጋዜጣ መልስ ሰጠ፤ የሮበርትን እናት ስም አጠፋ፣ ዝምድናውንም ካደ። ሮበርት ተመልሶ ጻፈበት፤ በዚያው ዓመት የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። የሮዛና ስም፣ ኪንግስተን ላይ ያሳደገችው አያቱ የኤሚ ስም፣ የአባቱ ሥራ ሁሉ በዚህ ክርክር ውስጥ አለ። በባርነት የተወለዱ ሰዎች ስለ ዘራቸው ምንም አልጻፉም የሚል ሰው ይህን ያንብብ።

አሁን ወደ ጠንካራው ተቃውሞ ልምጣ፤ በቸልታ ሊታለፍ የማይገባው እሱ ነው። ሰነዱ አለ፣ ነገር ግን የገዳይ ሰነድ ነው የሚሉ አሉ። ስሙን ያወጣው ጌታው ነው፤ ከስሙ ጎን ዋጋው በፓውንድ ተጽፏል፤ ከሰዎቹ ቀጥሎ በቅሎና በሬ ይቆጠራል፤ ያረጁት ሴቶች ዋጋቸው ባዶ ተብሎ ተሞልቷል። ይህን ማንበብ ግፉን መድገም ነው ይላሉ። አሜሪካዊቷ ምሁር ሳይዲያ ሃርትማን በ2008 ባሳተመችው ድርሰት፣ ከእሷም በፊት የሄይቲው የታሪክ ሊቅ ሚሼል ሮልፍ ትሩዮ በ1995 መጽሐፉ፣ ሰነድ ሲጻፍና ሲጠበቅ ማን ዝም እንዲል እንደተደረገ አሳይተዋል። ሁለቱንም አከብራለሁ። ነገር ግን እነዚህ ሊቃውንት ዝምታውን ያወቁት ሰነዱን ከፍተው፣ ለዓመታት ገልጠው ነው። ስለ ዝምታው ያሉትን ይዘው ሰነዱን ሳይከፍቱ የሚቀሩት እነሱን እንደ ምስክር ሊጠሯቸው አይችሉም።

ስሙ የጌታው ነው የሚለውም ቢሆን ሙሉ እውነት አይደለም። ፊባ አርብ ለተወለደች ሴት በአካን ሕዝብ ዘንድ የሚሰጥ ስም ነው። በደሴቲቱ ከተወለዱ ሕፃናትም ብዙዎቹ በተወለዱበት ቀን ስም ተጠርተዋል፤ በሕፃናቱ ስም ላይ የእናቶቻቸው እጅ አለበት። መዝገቡ የጌታው ነው፤ የተመዘገበው ሁሉ ግን የጌታው አልነበረም።

ማጋነንም አልፈልግም። ከ1817 በፊት ያለው መንገድ ቀጭን ነው፤ ኑዛዜና የንብረት ቆጠራ የተገኘለት ቤተሰብ ይሄድበታል፣ ያልተገኘለት ይቆማል። የጃማይካ የንብረት ቆጠራ መዝገቦች ከ1674 ጀምሮ ስፓኒሽ ታውን ባለው የአገሪቱ ቤተ መዛግብት ቢኖሩም፣ ስም ሳይጠራ በቁጥር ብቻ ያለፈ ጸሐፊ አለ። አርነት የወጣ፣ የእጅ ሙያ ያለው ወይም የጌታው ልጅ የሆነ ሰው የተጻፈለት ወረቀት ይበዛል፤ በሸንኮራው ማሳ ውሎ በማሳው የሞተው ሰው ወረቀቱ ያንሳል። መርከቦቹ ውቅያኖሱን ሲሻገሩ ስም አይመዘግቡም ነበር፤ ያ ጉድጓድ እውነተኛ ነው። ሆኖም በ1817 የቆመ ሰው ሙሉ ነጻነት በመጣበት በ1838 ከቆመ ሰው በአንድ ትውልድ ይርቃል፤ በ1817 መዝገብ ላይ የ70 ዓመት አፍሪካ የተወለደች ሴት ካገኘ ደግሞ በ1740ዎቹ የተወለደችን ሰው ስም ይዟል። ይህን «ምንም የለም» ብሎ መጥራት በደል ነው።

መንገዱ ተዘግቷል ከተባለ በኋላ ሰው የሚሄደው ወደ ምራቅ ምርመራው ነው። ዲኤንኤውን አልቃወምም፤ ከወረቀቱ ጋር ሲሄድ ብዙ ይረዳል። ብቻውን ግን ከምዕራብ አፍሪካ ይህን ያህል በመቶ ብሎ ካርታ ያሳያል፤ የአያትን ስም አይነግርም፤ በየትኛው እርሻ እንደኖረች፣ ስንት ልጅ እንደወለደች፣ ስንቱ እንደተሸጠባት አያውቅም። ገንዘብ ያወጣው ሰው አህጉር ተሰጥቶት ይመለሳል፤ ቅድመ አያቱ ግን በስሟ ኪው ቁጭ ብላለች።

ይህ ነገር ወደ እኛ ቤትም ይገባል። ሻሸመኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰጡት መሬት ላይ ከጃማይካና ከሌሎች ደሴቶች የመጡ ሰዎች ይኖራሉ፤ አማርኛ አፋቸውን የፈቱ ልጆችና የልጅ ልጆች አሏቸው። ስለ እነሱ ስናወራ ዘራቸውን ስላላወቁ መጡ እንላለን፤ የአዛኝ አነጋገር ይመስለናል። ዘር የሌለው ሰው የለም። የእነዚያ ልጆች ቅድመ አያቶች በሴንት አን፣ በክላረንደን፣ በትሪሎኒ አጥቢያ መዛግብት ከነስማቸው ሊገኙ ይችላሉ። ዘር ቆጥሮ ሰውን የሚያስተዋውቅ ሕዝብ እነዚህን ጎረቤቶቹን ዘር የለሽ ብሎ ሲጠራ ሊሰማው ይገባል።

ፍርዱ በጣም የሚጎዳው ግን ከዚህ ላይ ነው፤ የለም ለተባለ ነገር ገንዘብ የሚመድብ የለም። ፈቃድ ሲኖር ምን እንደሚሆን አይተናል። ዴንማርክ ሦስት የካሪቢያን ደሴቶቿን በ1917 ለአሜሪካ ሸጣ ነበር፤ መቶኛ ዓመቱን አስታካ በ2017 ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ገጽ ሰነድ ፎቶ አንሥታ በነጻ አወጣች። ኔዘርላንድስ በ1863 ባርነት እስኪቀር ድረስ የተጻፈውን የሱሪናም መዝገብ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ስም በስም አስገልብጣ በ2018 ከፈተች፤ ዛሬ በሱሪናም ዋና ከተማ በፓራማሪቦ ያለ ልጅ በስልኩ ይፈልገዋል። ባርባዶስ ላይ ግን በሰኔ 2024 ብላክ ሮክ ያለው የቤተ መዛግብት ግቢ ውስጥ አንዱ ሕንፃ ተቃጥሎ በውስጡ የነበረው ሰነድ ጠፋ። ሙቀት፣ ምስጥና ዐውሎ ነፋስ በየቀኑ የሚበሉት የአጥቢያ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ፣ የመያዣ ውልና የአርነት ደብተር በየደሴቱ ገና ያልተነሣ አለ። የሚቃጠለውና የሚበላው ያለ ነገር ነው።

በእንግሊዝ በየመኳንንቱ ቤት የቀረው ሣጥንም አለ። የቲስልዉድ ማስታወሻ 37 ጥራዝ ነው። ለረጅም ዘመን የአንድ የእንግሊዝ መኳንንት ቤተሰብ የግል ንብረት ሆኖ በሊንከንሻየር ቤተ መዛግብት በአደራ ተቀምጦ ነበር፤ በ2011 ለአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ተሸጠ። ፊባና ኮባ የሰፈሩበት ወረቀት ከተጻፈ ከ200 ዓመት በኋላ እንኳ ገበያ ላይ ውሎ ገንዘብ አመጣ ማለት ነው፤ ጃማይካም ገዢ አልነበረችም። ካሣ የተቀበሉ ቤተሰቦች ወራሾች ዛሬ በሣጥናቸው ያለውን የእርሻ ደብተር ለፎቶ መክፈት ይችላሉ፤ ዋናው ደብተር እጃቸው ላይ ይቆያል፣ የሚያጡት ነገር የለም። የብሪታንያ መንግሥትም ለጌቶቹ ካሣ የተበደረውን ዕዳ እስከ 2015 ሲከፍል ኖሯል፤ ስፓኒሽ ታውንና ብላክ ሮክ ላሉት መዛግብት የእሳት መከላከያ፣ የማቀዝቀዣና የፎቶ ወጪውን ሊከፍል ይገባዋል፤ የሚያነሡትም የደሴቶቹ ባለሙያዎች፣ በደሴቶቹ ላይ ሆነው መሆን አለባቸው።